ንጋቱ ለውብነሽ የመረጠላት ካቢን

ሐበሻ በሚበዛበት ፌርፋክስ ሰፈር ስለ መርከብ ጉዞ ማወቅ የፈለገ ሰው ሌላ ጋ አይሄድም፣ ንጋቱን ነው የሚጠይቀው። የሚገርመው ንጋቱ እስከ ስልሳ ስድስት ዓመቱ ድረስ አንድም ቀን መርከብ ላይ ወጥቶ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ንጋቱ ታክሲ ነጂ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አርብና ቅዳሜ ጠዋት ሳን ፒድሮ ወደብ ሄዶ ወረፋ ይይዛል። ከሜክሲኮ የተመለሰው መርከብ ሕዝቡን ሲያራግፍ፣ ያ ሁሉ ሰው በፀሐይ ተለብልቦ፣ ሻንጣውን እየጎተተ ይወጣል። ንጋቱ ከመሀላቸው ሁለቱን ሦስቱን ጭኖ ኤርፖርት ያደርሳል። መንገዱ ደግሞ የታወቀ ነው፣ መሄዱ ይቅርና ቆሞ ነው የሚዋለው። ስለዚህ ወሬ ይጀመራል። ሌላው ሾፌር "ትሪፑ እንዴት ነበር?" ይላል። ንጋቱ ግን "ካቢናችሁ እንዴት ነበር?" ብሎ ነው የሚጀምረው። ሰው የተደሰተበትን ነገር በአንድ ቃል ይጨርሰዋል፤ የተናደደበትን ግን ሻንጣው ከመኪና ወርዶም አያቆምም።

እና ንጋቱ ይሰማል። አንዱ ከመዋኛ ገንዳው ሥር ያለ ካቢን ይዞ፣ ገና ሳይነጋ ወንበር ሲጎተት አናቱ ላይ የሚጎተት እየመሰለው ሰባት ቀን ሳይተኛ ተመልሷል። አንዷ ባሕር የሚያሳይ መስኮት ብላ ይዛ፣ መጋረጃውን ስትገልጥ ትልቅ ብርቱካናማ የነፍስ አድን ጀልባ ፊቷ ላይ ተደቅኖ አገኘችው። ሌሎቹ ደግሞ ከጎረቤት ካቢን ጋር በመሀል በር የሚገናኝ ክፍል ደርሷቸው፣ የማያውቁት ሰውዬ ሲያንኮራፋ፣ ሲያስነጥስ፣ ከሚስቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ሰምተው መጥተዋል። ንጋቱ ይሄን ሁሉ የትም አልጻፈውም። ጭንቅላቱ ውስጥ እንደ ከተማው መንገድ ተሰምሮ ተቀምጧል። ከቤተ ክርስቲያን ሰው ክሩዝ የሚሄድ ሲኖር "ከፊት በኩል፣ ታችኛው ፎቅ ላይ እንዳትይዝ፤ መልሕቅ ሲወርድ ከአልጋህ ይጥልሃል" ይለዋል። ሰውየው ሲመለስ "እግዚአብሔር ይስጥህ፣ እንደ ሕፃን ተኝቼ መጣሁ" ይለዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ስሙ ካፒቴን ንጋቱ ሆኖ ቀረ።

"ካፒቴን፣ አንተ ራስህ መቼ ነው የምትሳፈረው?" ይሉታል።

"ደህና ካፒቴን መሬት ላይ ቆሞ ነው የሚያዘው" ይላል።

ሚስቱ ውብነሽ ሚራክል ማይል ሰፈር ካሉት ረጃጅም የቢሮ ሕንጻዎች የአንዱ ፓርኪንግ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ካሸር ሆና ሠርታለች። ቦታው ከመሬት በታች ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው። የምትቀመጥበት ቡዝ በአራቱም ጎን መስታወት ነው። የሚገባውም የሚወጣውም ያያታል። ሳንድዊች ስትጎርስ ያያታል፣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ስታሻሽ ያያታል። እሷ የምታየው ግን ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶና የመኪና መብራት። ውጭ ዝናብ መዝነቡን የምታውቀው መኪኖቹ ረጥበው ሲገቡ ነበር።

ቤታቸው ከፌርፋክስ አንድ ብሎክ ገባ ብሎ ያለ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ኖረውበታል፣ አንዲት ልጃቸውን ዝማሬን አሳድገውበታል። ጥሩ ቤት ነው፣ አይከፋም። ግድግዳው ግን ካርቶን ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ስለ ውብነሽ ጸሎት መናገር ያስፈልጋል፣ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከሱ ስለሆነ። ውብነሽ ጴንጤ ናት። ጸሎት የለመደችው ሻሸመኔ፣ በልጅነቷ፣ ድምፅ አውጥታ፣ እጇን ዘርግታ፣ ሰውን በስሙ እየጠራች ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ይሄን ስለሚያውቅ ችግሩን ይዞ ወደሷ ይመጣል። ልጁ መጥፎ ነገር የጀመረበት፣ ትዳሩ የተናጋበት፣ ሐኪም ክፉ ወሬ የነገረው፣ የኢሚግሬሽን ወረቀቱ የተበላሸበት። "እትዬ ውብነሽ፣ ይሄን በጸሎት ያዢልኝ" ይላታል። ትይዝለታለች። በዚህ ሁሉ ዓመት እሷ ጆሮ የገባ ነገር ሌላ ሰው ጆሮ ሲደርስ ታይቶ አይታወቅም። ንጋቱ እንኳ አያውቅም። አንዳንዴ መንገድ ላይ የሚያገኘው ሰው ዓይኑን ሰበር አድርጎ "መቼም ሚስትህ ነግራሃለች" ይለዋል። ንጋቱ ደረቱን ነፋ አድርጎ "ምንም አልነገረችኝ፣ አትነግረኝምም" ይላል። ይሄን ሲል የሚሰማውን ኩራት ሚሊዮን ዶላር ያለው ሰው አያገኘውም።

ችግሩ መጸለያ ቦታ የላትም። መጀመሪያ ክሎዜት ውስጥ ገብታ፣ ልብስ መሀል ሆና ሞከረች። ከታች ያለችው ሴትዮ በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሷን ደበደበች። ከዚያ ንጋቱ "ታክሲው ውስጥ ጸልዪ፣ መስኮቱን ግጥም አድርገሽ ዝጊው" አላት። አምስት ወር ያህል ጥሩ ሄደ። አንድ ማለዳ ግን ውሻውን የሚያንሸራሽር ሰው፣ መስታወቱ በትንፋሽ የተሸፈነ መኪና ውስጥ ሴት ስትጮህ ሰምቶ ፖሊስ ጠራ። ሁለት ፖሊሶች መጡ። "ማዳም፣ ሰው ጎድቶሻል? ባልሽ ነው?" እያሉ ጠየቋት። ንጋቱ በፒጃማ ሮጦ ወርዶ እጁን ወደ ላይ አድርጎ ቆመ። ነገሩ በሳቅ አለቀ፣ እንዲያውም አንደኛው ፖሊስ "ለኔም ጸልዪልኝ" ብሏት ሄደ። ውብነሽ ግን አልሳቀችም። ባልድዊን ሂልስ ኮረብታው አናት ላይም ሞክራለች። ሰው ስፖርት የሚሠራበት ቦታ ነውና አንዱ ሯጭ ቆሞ በስልኩ ቀረጻት።

ከዚያ ወዲህ በሹክሹክታ ሆነ። አሥራ አንድ ዓመት፣ ጠዋት ጠዋት፣ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተንበርክካ፣ ፎጣ አፏ ላይ ይዛ ነው የጸለየችው።

ባለፈው ዓመት ፓርኪንጉ በካሸር ፋንታ ማሽን አስገባና ውብነሽ ጡረታ ወጣች። በዚያው ሰሞን ቤተ ክርስቲያናቸው የባለትዳሮች ጉዞ አዘጋጀ፣ ሰባት ቀን በመርከብ ወደ ሜክሲኮ። የምታስተባብረው ዶርቃ ናት። ዶርቃ ፌርፋክስ ላይ ምግብ ቤት አላት፣ ሰው ትወዳለች፣ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ካየች የታመመ ይመስላታል። አብዛኛው ሰው መስኮት የሌለውን ርካሹን ክፍል ያዘ። "ለመተኛ ነው እንጂ እዚያ ውስጥ ማን ይውላል!" ተባለ።

ነርስ የሆነችው ዝማሬ ግን እናትና አባቷን ሶፋው ላይ አስቀምጣ "የናንተን እኔ ነኝ የምችለው" አለች። "ባልኮኒ ያለው ነው የምትይዙት። የትኛው እንደሆነ አባዬ ምረጥ፣ ካፒቴን አይደለህ?"

ንጋቱ ወደ ሚስቱ ዞረ። "ውቤ፣ ምን ዓይነት ይሁንልሽ?"

ውብነሽ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ ታጣጥፍ ነበር።

"ቆሜ ውሃ ባይ ደስ ይለኛል" አለች። "እስከ መጨረሻው ድረስ ምንም የማይጋርደው ውሃ። ግን ከሁሉም በላይ..." ወደ ግድግዳው አየት አደረገች። "አንድ ጠዋት፣ አንድ ጠዋት ብቻ፣ ሙሉ ድምፄን አውጥቼ መጸለይ እፈልጋለሁ። ማንም ሳይሰማኝ። ድምፄ አሁንም ይኑር አይኑር እኔ እንጃ።"

ዝማሬ ዓይኗን ጠረገች። ንጋቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰውን ካቢን ሲያዳምጥ የኖረው ለዚች ቀን መሆኑ ያን ጊዜ ገባው።

ለሰፈሩ ሰው ትኬት የምትቆርጠው ሄራን የምትባል ወጣት ናት። ቢሮዋ ከአንድ ጸጉር ቤት በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ንጋቱ በማግስቱ ሄደና ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ ተቀመጠ። ሄራን የመርከቡን ፕላን ከፈተችለት።

"ጋሼ ንጋቱ፣ ይሄ እንዴት ነው? አሪፍ ቪው አለው።"

"ከላዩ ምንድን ነው ያለው?"

"ከላዩ... ጂም።"

"ተይው። ሰው ብረት በጣለ ቁጥር እሷ አናት ላይ ነው የሚያርፈው።"

"ኦኬ። ይሄስ?"

"መሀሉ ላይ ያለችው ትንሽ ምልክት ምንድን ናት?"

ሄራን ስክሪኑን አጎላችው። "ወደ ጎረቤት የሚያገባ በር ነው። ግን ይቆለፋል እኮ።"

"በሩ ይቆለፋል፣ ድምፅ አይቆለፍም። እለፊው።"

"ይሄኛውስ? ሰባተኛ ፎቅ።"

"ከባልኮኒው ሥር ጀልባ ተሰቅሏል። ቁልቁል ስታዪ የምታዪው ሸራ ነው።"

ሄራን እጇን ከኪቦርዱ አነሳች። "ጋሼ፣ ለምን እዚህ ወንበር ላይ አትቀመጥም? እኔ ታክሲውን ልንዳልህ።"

አንድ ሰዓት ተኩል እንዲህ ተባባሉ። በመጨረሻ ንጋቱ ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈ። ስምንተኛ ፎቅ፣ ወደ መሀል፣ ኮሪደሩ የሚታጠፍበት ማዕዘን። በአንድ ጎኑ አንሶላና ፎጣ የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት ነው፣ ሰው የለበትም። ከላይም ከታችም መኝታ ክፍል ነው፣ ሙዚቃ የለም፣ ወንበር የሚጎትት የለም። ጎረቤቱ አንድ ብቻ ነው። እሱም ፈረንጅ ነው የሚሆነው፣ ቢሰማም አይገባውም፣ አለ ንጋቱ በልቡ። ከባልኮኒው ፊት ለፊት ባሕር ነው። ከቢሮው ሲወጣ ደረጃውን እንደ ጎረምሳ እየዘለለ ወረደ።

እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ግን ሰው ነው። የሚቀጥለው እሁድ ከአምልኮ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ላይ ወንዶቹ ከበቡት።

"ካፒቴን በመጨረሻ ሊሳፈር ነው አሉ! የቱን ያዝክ?"

ንጋቱ "አንዷን ነገር" ብሎ ሊያልፍ ነበር። የድሮ ጓደኛው ወልዴ ግን "ተውት እባካችሁ፣ እንደኛው ጉድጓድ ውስጥ ነው የገባው፣ አፍሮ ነው" ሲል አልቻለም። የወልዴ መኪና ኮፈን አቧራ ነበረበት። ንጋቱ በጣቱ መርከቡን እዚያ ላይ ሣለው። ፎቁን ሠራ፣ ኮሪደሩን ሠራ፣ ማዕዘኗን ሠራ፣ ለምን እንደመረጣት አንድ በአንድ አስረዳ፣ የካቢኑን ቁጥር ሳይቀር ጻፈው። ሰዎቹ "አቤት! አቤት!" አሉ። ወልዴ መኪናዬን አላሳጥብም አለ። ንጋቱ ያን ቀን ቤቱ የገባው በእግሩ አይመስልም ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ምሳ ሊበላ ዶርቃ ምግብ ቤት ገባ። ገና ሳይቀመጥ ዶርቃ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከኩሽና ወጣች።

"ወንድም ንጋቱ! ደስ ይበልህ! ሁላችንም ቀየርን!"

"ምኑን?"

"ካቢኑን ነዋ! ካፒቴን የመረጠው ሰፈር እያለ እኛ ምን ቆርጦን ጨለማ ውስጥ እንተኛለን? አሥራ አንድ ባለትዳሮች ዙሪያችሁን ገባን። ከላያችሁ እነ ወልዴ፣ ከሥራችሁ እነ አሮን። ከጎናችሁስ ማን ይመስልሃል?"

ንጋቱ ማን እንደሆነ ገባው።

"እኔ!" አለች ዶርቃ ደረቷን መታ መታ አድርጋ። "ግድግዳ ለግድግዳ! ጠዋት ጠዋት ኳ ኳ አደርግና ለቁርስ እቀሰቅሳችኋለሁ። አንድ ባዕድ አጠገባችሁ የለም፣ ዙሪያውን የራሳችሁ ሰው ነው!"

ፊቷ ሁሉ ሳቅ ነበር። ንጋቱ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አላት። የቀረበለትን ጥብስ ሳይጨርስ ወጣ።

ቤት ሲደርስ ዶርቃ ቀድማ ደውላ ኖሮ፣ ውብነሽ ሰምታዋለች።

"ደስ ብሏታል" አለች ውብነሽ።

"የኔ ጥፋት ነው ውቤ። አፌን መዝጋት አቅቶኝ።"

"ኧረ ተው። ሰው ወዶን ነው።"

"ደግሞ እኮ የኛው ሰዎች ናቸው፤ ድምፅ ብታወጪም ፖሊስ አይጠሩብሽም።"

ውብነሽ ቀና ብላ አየችው። "ንጋቱ፣ እኔ ስጸልይ የማንን ስም የምጠራ ይመስልሃል?"

ንጋቱ የታክሲውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"የማያውቀኝ ሰው ቢሰማኝ ግዴለኝም። ምን እንደምል አይገባውም። እነሱ ግን ይገባቸዋል። አንዷ አምና የነገረችኝን ሌላዋ በግድግዳ ትስማ? ወይስ የገዛ ባሏ ይስማ?" ከዚያ "ግዴለም፣ ውሃውን አያለሁ። ጸሎቱን በሹክሹክታ አደርገዋለሁ፣ ለምጄዋለሁ" አለች።

ያቺ "ለምጄዋለሁ" ያለችው ነገር ንጋቱን ልቡ ላይ ወጋችው። በፒጃማ ፖሊስ ፊት እጁን ያነሳ ቀን እንኳ እንዲህ አልተሰማውም።

በማግስቱ ሄራን ቢሮዋን ልትከፍት ስትመጣ በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው።

"ቀይሪልኝ" አላት።

"ጋሼ! መርከቡ ሞላ እኮ። እናንተው ናችሁ የሞላችሁት።"

"የቀረውን አሳዪኝ።"

ሄራን ፈለገች። "ሁለት ብቻ ነው ያለው። አንዱ አራተኛ ፎቅ ነው፣ መስኮት የለውም። ግን ጭር ያለ ነው፣ በግራም በቀኝም ዕቃ ቤት ነው።"

"አሥራ ስምንት ዓመት ሲሚንቶ ስታይ የኖረችን ሴት ሣጥን ውስጥ አላስገባትም። ሌላውስ?"

"ሌላውን ላንተ ማሳየት ራሱ ያሳፍረኛል። መርከቡ ጭራ ላይ ነው፣ ከመጨረሻው። ባልኮኒ አለው፣ ግን ሰው ይይዝና ይሰርዘዋል። ሞተሩ ከሥሩ ነው፣ ውሃው ደግሞ ከኋላ ሃያ አራት ሰዓት ይጮኻል። ሰው ሁሉ ነው የሚያማርረው።"

ንጋቱ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። አንድ ነገር ትዝ አለው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሽማግሌ ባልና ሚስት ጭኖ ነበር። ታክሲው ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው፣ እስከ ኤርፖርት ድረስ እየተጯጯሁ ነበር የሚያወሩት። የተጣሉ መስሎት ነበር። ለካ ሰባት ቀን ጭራው ላይ ከርመው መጮህ ለምዶባቸው ነው። ያኔ በሆዱ ስቆባቸው ነበር።

"ባልኮኒው ጣሪያ አለው?" አላት።

"ጣሪያ?"

"ጭራ ላይ ያሉት አንዳንዶቹ እንደ ደረጃ ነው የተሠሩት። ከላይ ያለው ሰው ቁልቁል ያይሻል።"

ሄራን ፎቶውን ፈልጋ አገኘች። "አለው። ሙሉ ነው የተሸፈነው።"

"ግራና ቀኙስ?"

"እስከ ላይ ድረስ ተከልሏል። ማንም አያይም።"

"ከፊቱስ?"

"ከፊቱ ምንም የለም ጋሼ። ውሃ ብቻ ነው። መርከቡ የመጣበት ነጭ መንገድ እስከ ሰማዩ ጥግ ድረስ ይታያል።"

"ቁረጪው።"

"ጩኸቱስ?"

"ጩኸቱን ነው የፈለግኩት" አላት። ሄራን አልገባትም፣ ግን ቆረጠች።

የቀረው ለዶርቃ መንገር ነው። ይሄ ከሁሉም ከበደው። ሰው ወዶህ አጠገብህ ሲሰፍር አንተ ተነስተህ መሄድ በኛ ዘንድ ስድብ ነው። እውነቱን ቢናገር ደግሞ ሰው ሁሉ "ለካ ውብነሽ ጋ ብዙ ጉድ አለ" ብሎ እርስ በርሱ መተያየት ይጀምራል። ውሸት ደግሞ አይዋሽም። ሦስት ቀን ታክሲ እየነዳ አሰበበት። ዶርቃን ብቻዋን ሊያገኛት ፈልጎ ነበር፣ ግን ዶርቃ ብቻዋን የምትሆንበት ሰዓት የለም። እሁድ ፓርኪንጉ ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት ነገራት።

"እህት ዶርቃ፣ እኔና ውብነሽ ካቢን ቀይረናል። ወደ ኋላ ሄደናል።"

የዶርቃ ፊት ጠቆረ። "ለምን? ምን አስቀየምናችሁ?"

"ማንም አላስቀየመንም።"

"እና ታዲያ ምንድን ነው? እኔ ጎረቤት ሆንኩና ነው?"

ሰዉ ወሬውን አቁሞ ዞረ። ንጋቱ እጁን ኪሱ ከተተ፣ አወጣው። "እኔ... እንዲያው... ከሚስቴ ጋር ለብቻችን መሆን ፈልጌ ነው።"

ጸጉሩ የሸበተ፣ ነርስ ልጅ ያደረሰ ሰው በአደባባይ እንዲህ ሲል እዚያ የቆመ ሁሉ ሰምቶ አያውቅም። መጀመሪያ የፈነዳው ወልዴ ነው።

"ኧረ ጉድ ስሙ! ካፒቴን ጫጉላ ሊገባ ነው!"

"ወገብህን ብቻ አደራ፣ መርከብ ይወዛወዛል!" አለ አሮን።

ዶርቃ እጇን አፏ ላይ አድርጋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። "ወይ ንጋቱ! ቀድመህ አትነግረኝም? እኔ ሞኟ ግድግዳ ልደበድብባችሁ ነበር እኮ!"

ውብነሽ ከሴቶቹ መሀል ቆማ ነበር። በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸው ሙሽሮቹ ሆነ። ንጋቱ ምግብ ቤት ሲገባ ሴቶቹ ከኩሽና እልል ይሉበታል። ወልዴ ስልክ ደውሎ "ሚዜ አያስፈልግህም?" ይለዋል። ንጋቱ መልስ አጥቶ ሳይሆን መልሱን ውጦ ነው ዝም የሚለው። አንዲት ቃል ቢናገር ቀልዱ ይቆም ነበር፤ አልተናገረም። ሚስቱ ሃያ ሁለት ዓመት የተሸከመችውን ዓይነት ሸክም እሱ ጥቂት ሳምንት ቀመሰው፣ እና ከበደው፣ እና በሷ ይበልጥ ኮራ።

"በኔ ምክንያት መሳቂያ ሆንክ" አለችው አንድ ቀን ቤት ውስጥ።

"ምን ውሸት ተናገርኩ?" አላት። "ካንቺ ጋር ለብቻ መሆን አልፈልግም እንዴ?"

ኦክቶበር ላይ ተሳፈሩ። ሳን ፒድሮ ላይ ወረፋ የያዙት ታክሲ ነጂዎች ሻንጣ ሲጎትት ሲያዩት ጥሩምባ ነፉ። "ንጋቱ፣ ተሳፋሪ ልታደርስ ነው?" ሲሉት፣ "ዛሬ ተሳፋሪው እኔ ነኝ!" ብሎ ባርኔጣውን አነሳላቸው። ካቢናቸው ሲገቡ መርከቡ ገና ቆሞ ነበር፣ ጸጥ ብሏል። ንጋቱ ደነገጠ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። መርከቡ ሲነሳ ወለሉ ከሥራቸው ተንቀጠቀጠ፣ ውሃው ከኋላ እንደ ፏፏቴ መጮህ ጀመረ፣ ንጋቱ ተንፈስ አለ።

በማግስቱ ማለዳ ውብነሽ ተነሳች። ነጠላዋን ተከናንባ የመስታወቱን በር ከፍታ ወጣች፣ ከኋላዋ ዘጋችው። ንጋቱ አልጋው ላይ ሆኖ ጀርባዋን ያያል። ብረቱን ይዛ ቆመች። ከፊቷ ያ ነጭ መንገድ፣ ከዚያ ወዲያ ሰማያዊ፣ ከዚያ ወዲያ ምንም። ብዙ ቆመች። ትከሻዋ ተነሳ፣ ወረደ። አንገቷን አቀረቀረች። ንጋቱ "በቃ፣ ጠፍቶባታል" አለ በልቡ። ከዚያ ግን ቀስ ብላ ብረቱን ለቀቀች፣ እጇን ዘረጋች።

ንጋቱ ዓይኑን መለሰ፣ የሷ ነውና። ግን አላስቻለውም፣ በካልሲው ኮሪደር ወጣ። በራቸው ላይ ጆሮውን አስደግፎ አዳመጠ። ውሃ ነው። ወደ ጎረቤቱ በር ሄዶ አዳመጠ። ውሃ ነው። ቁርስ የሚያድል አስተናጋጅ ቆሞ አየው፤ ንጋቱ "ኤቭሪቲንግ ኦኬ፣ ኤቭሪቲንግ ኦኬ" አለውና ተመለሰ። ሲገባ ውብነሽ አፏ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ የአንገቷ ሥር ተገትሯል፣ ነጠላዋ በነፋስ እንደ ባንዲራ ይውለበለባል። እሱ ሦስት እርምጃ ርቆ ቆሞ አንዲት ቃል አልሰማም። ካፒቴን ነኝ አለ በሆዱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ።

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይታ ገባች። ፊቷ ረጥቧል፣ ጸጉሯ ቆሟል። ልትነግረው አፏን ከፈተች፣ የወጣው ግን እንደ አሮጌ በር ያለ ድምፅ ነው። ሁለቱም ተያይተው ሳቁ፣ አልጋው ላይ ተቀምጠው ሆዳቸውን እስኪያማቸው ሳቁ።

ለቁርስ ሲወርዱ አሥራ አንዱም ባለትዳሮች ረጅሙን ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል። ዶርቃ ከሩቅ ተነሳች።

"ሙሽሪት! እንዴት አደራችሁ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለች ውብነሽ በዚያ በሻከረ ድምፅ።

ወልዴ ሹካውን ጣለ።

"ካፒቴን!" አለ። "ሴትዮዋን ምን አደረግካት?"

ሳቁ ክፍሉን ሞላው። ዶርቃ ውብነሽን አቅፋ፣ ራሷን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ትንፈቀፈቃለች። ውብነሽ ጀርባዋን እያሻሸች ቀና አለች። ፊቷ በርቷል።

"ቆይ ሙቅ ውሃ በማር ላምጣልሽ" አለች ዶርቃ።

"ተቀመጪ፣ እኔ አመጣለሁ" አለ ንጋቱ።

ሲነሳ ሴቶቹ እልል አሉበት። ሌላ ጠረጴዛ ላይ ያሉት ፈረንጆች ሠርግ መስሏቸው ማጨብጨብ ጀመሩ። ንጋቱ መሀል መንገድ ላይ ቆሞ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በግራም በቀኝም እጅ ነሳቸውና፣ ማር የሚገኝበትን ሊፈልግ ሄደ።